ሴሉሎዝ ስለሚሠሩ ባክቴሪያዎችና ጂኖማቸው ሲመሳከር ስለ ተገኘው ዕውቀት

የጥጥ ክር ከጥቂት በቀር ሁለንተናው ሴሉሎዝ ነው፤ እንጨትና ገለባም የሚጸኑት በዚሁ ነው። ይህን ነገር የሚሠራው ተክል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1886 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) አድሪያን ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በኮምጣጤ ፊት ላይ እንደ ስልባቦት የሚጋረደውን ወፍራም ሽፋን መርምሮ፣ ሽፋኑ ሴሉሎዝ መሆኑን፣ የሚሠራውም በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን ገልጾ ጻፈ። ያ ባክቴሪያ ዛሬ በጃፓናዊው ሊቅ በካዙኦ ኮማጋታ ስም ኮማጋታይባክተር ይባላል። ሴሉሎዙ ከእንጨት እንደሚወጣው ከሌላ ነገር ጋራ ያልተደባለቀ ስለ ሆነ ለቍስል መሸፈኛ ይፈለጋል፤ የፊሊፒንስ ሰዎችም በኮኮነት ውኃ ላይ አሳድገው ጣፋጭ ምግብ ያደርጉታል።

ጂኖም ማለት ፍጥረት ሁሉ ከወላጁ የሚቀበለው፣ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ነው ቢባል ነገሩን ይገልጸዋል። የዚህ ባክቴሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ፊደል አለው። ጂኖምን ከጂኖም ማመሳከርም፣ ሊቃውንት የአንዱን ድርሳን ልዩ ልዩ ቅጆች ጐን ለጐን ዘርግተው የት ቃል እንደ ወደቀ፣ የት ባዕድ መሥመር እንደ ገባ የሚመረምሩትን ይመስላል።

በ1990 ዓ.ም. ሴሉሎዝን የሚያሠሩት አራት ጂኖች በአንድ ተርታ ተያይዘው መገኘታቸው ታወቀ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተባሉ። ኤ የስኳርን ቅንጣት አንዱን በአንዱ ላይ እየቀጠለ ክር ያደርጋል፤ ቢ ክሩን ሲያወጣ ይረዳዋል፤ ሲ በውጭው ሽፋን በኩል በር ይሆነዋል፤ ዲ ክሮቹ ተሰልፈው እንዲጠነክሩ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ የብዙ ባክቴሪያዎች ጂኖም ሲነበብ የኤ እና የቢ ዘመዶች ከኮምጣጤ እጅግ በራቀ ስፍራ ተገኙ፤ ይኸውም በባቄላና በአተር ሥር ላይ ጕብጕብ ሠርቶ ተክሉን ከአየር በወሰደው ናይትሮጅን በሚመግበው በራይዞቢየም ዘንድ፣ የወይንንና የፍሬ ዛፎችን ግንድ በሚያሳብጠው በአግሮባክተሪየም ዘንድ፣ በአንጀት በሚኖረው በኢ ኮላይም ዘንድ ነው። ዲ ግን በእነዚህ ዘንድ የለም፤ ሌሎች ጂኖች በአጠገባቸው ቆመዋል።

እንግዲህ ጠቃሚውም ጐጂውም በአንድ ዓይነት ክር ይጠቀማሉ። ራይዞቢየም በሴሉሎዙ የባቄላን ሥር ይይዛል፤ አግሮባክተሪየም በዚያው የቈሰለውን ተክል ይይዛል። ሊቃውንት የአግሮባክተሪየምን ሴሉሎዝ ጂን ሰብረው ቢሞክሩት በሽታው አልቀረም፤ ባክቴሪያው ግን ካረፈበት በውኃ በቀላሉ የሚታጠብ ሆነ። በሽታውን የሚያመጡት ጂኖች ከዋናው መጽሐፍ ውጭ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ናቸውና። ስለዚህ «ሴሉሎዝ ሠሪ ነው» ብሎ ባክቴሪያን ማመስገንም ሆነ መፍራት ከንቱ ነው።

ስምም ብቻውን አይበቃም። በጃፓን የሚጠበቅ፣ ከኮምጣጤ የተገኘ፣ ቍጥሩ 3288 የሆነ አንድ ዘር የሴሉሎዝ ሠሪዎቹን ስም ይዞ ሳለ ሴሉሎዝ አይሠራም ነበር፤ ጂኖሙ በ2011 ዓ.ም. ታትሞ ቢመረመር ከቢ ጂኖቹ አንዱ ተሰብሮ ተገኘ። (ለኮምጣጤ ሠሪ ይህ ጕድለት ሳይሆን በረከት ነው፤ ሽፋኑ ዕቃውን ይደፍንበታልና።) በላቦራቶሪ የሚራባው ኢ ኮላይም ስለ አንዲት ፊደል መለወጥ ሴሉሎዝ መሥራት እንደ ተወ በ2013 ዓ.ም. ተገለጠ።

በአገራችንም ራይዞቢየም ተዘጋጅቶ ከባቄላ ዘር ጋራ እየተለወሰ ይዘራል። የሚያከፋፍል ሹም ስሙን ብቻ አንብቦ አይቀበል፤ የዘሩን መለያ ቍጥርና የተዘጋጀበትን ቀን ይጠይቅ፤ ዕቃውንም ከፀሐይና ከሙቀት ያርቅ። የአፈሩ የራሱ ራይዞቢየም ሊኖር ስለሚችል፣ በአንድ ማሳ ላይ የተለወሰውንና ያልተለወሰውን ጐን ለጐን ያዘራ፤ ባቄላው ሲያብብ ሥሩን ሳይነቅል ቈፍሮ ያውጣና ጕብጕቡን ይሰንጥቅ። ውስጡ ሮዝ የሆነው ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ የሆነው አይሠራም።