ስለ ሰላጣና ስለ ታማኝ እጅ

ሰላጣ ማለት አብዛኛውን ጊዜ በእሳት ሳይበስል የሚበላ የአትክልት ምግብ ነው። ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ቅጠሉም ከቅጠሉ የሚሠራውም ምግብ በአንድ ስም ይጠራሉ። አቸቶና ኮስታ የሚባሉትም ቃላት፣ ደግሞም ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ፣ ከዚያው ቋንቋ የተገኙ ናቸው።

በፒያሳ አጠገብ፣ በአራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባል አሮጌ ሰፈር ነበረ። ቤቶቹ እጅግ የተጠጋጉ ስለ ነበሩ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ቡናውንም ኀዘኑንም በአንድነት ይካፈል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ስለ ከተማው ልማት የሰፈሩ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ይህ ታሪክ የሚነገረው ግን ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ዘመን ነው፤ ይኸውም አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ሳይነሣ ነው።

በዚያ ሰፈር አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ወሩ መጋቢት ነበረ፤ ፀሐይ በርትቶ ነበር፤ ዐቢይ ጾምም ገብቶ ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይበላ በገበታ ላይ አትክልት ይበዛል። የሰፈሩ ስም ዶሮ ማነቂያ ቢሆንም፣ በጾም ወራት ዶሮዎቹ ያለ ስጋት ይጭሩ ነበር።

ባልቴቷ ከአትክልት ተራ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ሎሚ ገዝተው ተመለሱና ልጅቱን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ጎረቤታችን አባባ ከእኛ ጋር ይበላሉ። እኔ ሽሮውን ስሠራ አንቺ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል እየለየሽ እጠቢ» አሏት። እኒህ ጎረቤት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ።

ውኃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። ልጅቱ በጀሪካኑ ያለው ውኃ ካለቀ እንደገና እላካለሁ ብላ ስለ ፈራች፣ ሰላጣውን ሳትለያይ እንዳለ በሳፋ ውስጥ አንድ ጊዜ ነክራ አወጣችው። ከላይ ሲያዩት ለምለምና ንጹሕ ይመስል ነበር። አያቷም «አጠብሽው?» ብለው ቢጠይቋት፣ «አዎን እማማ፣ አጥቤዋለሁ» ብላ መለሰች።

ነገር ግን አያቷ ሊቆርጡት ሲሉ የውስጡን ቅጠል ገለጥ አደረጉ። በቅጠሉ ሥር ጥቁር ጭቃ ተጣብቆ ነበር፤ በጭቃውም አጠገብ አንዲት ትንሽ ትል ትንቀሳቀስ ነበር። ልጅቱ አቀረቀረች፤ ቁጣንም ጠበቀች። አያቷ ግን አልተቆጡም። በበሩ አጠገብ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ እየተመለከቱ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ ትሏን አይቻታለሁ። አባባ ግን አያዩአትም። እርሳቸው የሚበሉት እጅሽን አምነው ነው» አሏት።

ልጅቱ አንድ ቃል አልመለሰችም። ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቦኖው ሄደች።

እርስዋ ወረፋዋን እስክትጠብቅ ድረስ አንባቢው ሁለት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ ሰው ስለ ምን አትክልትን በጥሬው ይበላል? ሁለተኛው፣ ስለ ምን አጥብቆ ያጥበዋል? የሚል ነው።

በቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ ውስጥ ቪታሚን ሲ የሚባል ለሰውነት የሚያስፈልግ ነገር አለ። እሳት ሲነካው ከዚህ አንዳንዱ ይጠፋል። ይህ ቪታሚን ቁስል እንዲሽርና ድድ እንዲጠነክር ያደርጋል፤ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውንም ብረት ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ይረዳል። ቀድሞ በባሕር ላይ ብዙ ወራት የሚቆዩ መርከበኞች ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ስለማያገኙ ድዳቸው እየደማ ይሞቱ ነበር። በ1739 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የተባለ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ የነበረ ሐኪም 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ልዩ ልዩ ነገር ሰጣቸው። ከሁሉ ይልቅ ፈጥነው የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። ካሮትም ለዓይን ይጠቅማል፤ ዳፍንት የሚባለውን በምሽት ያለማየት በሽታ የሚከላከለውን ቪታሚን ኤ ሰውነት ከእርሱ ያገኛልና። ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ሰውነት ይህን ነገር በይበልጥ ይቀበለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ ትልቅ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል።

ዳሩ ግን በጥሬው የሚበላ ነገር እሳት አላጠራውም። በአዲስ አበባ ከሚበላው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚበቅለው በአቃቂ ወንዞች ዳር ነው፤ ወደ እነዚህም ወንዞች የከተማው እድፍ ይገባል። በቅጠሉ ላይ የታየችው ትል ትንሿ ክፉ ናት፤ የማይታየው ግን ከእርስዋ ይከፋል። የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም፤ በቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ በአፈር ውስጥም ብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። አሜባ፣ ጃርዲያና የአንጀት ተስቦም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሊገቡ ይችላሉ። አንዳንድ ሰዎች ሎሚ ወይም አቸቶ ከጨመሩበት ሁሉም የሚሞት ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሎሚና አቸቶ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ ስለ እጥበት ፈንታ አይሆኑም።

ልጅቱ ውኃ ቀድታ በተመለሰች ጊዜ አያትና ልጅ ሥራውን በሥርዓት ጀመሩ። አስቀድመው እጃቸውን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና አጠቡ። ከዚያ በኋላ የሰላጣውን የላይ ቅጠል ጥለው የቀረውን አንድ በአንድ ለዩ። አያቷ ከጆግ ውኃ ቀስ እያደረጉ ሲያፈሱ ልጅቱ እያንዳንዱን ቅጠል በፊትም በጀርባም በጣቷ እያሸች አጠበች። ቢላዋ በልጣጭ ላይ ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ስለሚያገባ፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ካሮቱን ከመቁረጣቸውና ከመላጣቸው በፊት አጠቡ። በሳፋው የተጠራቀመውም ውኃ አልባከነም፤ ለደጁ መጥረጊያ ሆነ።

ቀጥሎ 4 ቲማቲም፣ 1 ሽንኩርትና 1 ቃሪያ ከትፈው፣ ካሮቱንም በስሱ ቆርጠው በጎድጓዳ ሳሕን አደረጉ። ሰላጣውን በእጅ ቆራርጠው ጨመሩ። የ1 ሎሚ ጭማቂና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አፈሰሱበት። ጨው የአትክልትን ውኃ አውጥቶ ስለሚያጠወልገው፣ ጨውን የጨመሩት በመጨረሻ፣ ሊበሉ ሲሉ ነው። በሙቀት የዋለ ሰላጣ ይበላሻልና የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ሠሩ።

የውኃው ንጽሕና ያጠራጠረው ሰው አፍልቶና አቀዝቅዞ ይጠብበት። አትክልቱ ራሱ ያጠራጠረው ደግሞ ቀይ ሥር፣ ድንችና ካሮት ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ልጦና ከትፎ፣ ሎሚና ዘይት ይጨምርበት፤ ይህም መልካም ሰላጣ ነው።

ሽማግሌው በበሉ ጊዜ ደስ ብሏቸው «ይህን ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ። አያቷ ዝም አሉ። ልጅቱም ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠብሁት። መጀመሪያ ግን በደንብ ሳላጥበው አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። ኋላ እንደገና አጠብሁት» አለች።

ሽማግሌውም እጃቸውን ዘርግተው ራስዋን ዳሰሱና «እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያጠብሽውን ሳልጠይቅ እበላለሁ» አሏት።

ልጆች ሆይ፣ ሌላው ሰው የማያየውን ሥራ በትጋት የሚሠራ እርሱ ታማኝ ነው። ምግብ የሚያቀርብ ሰው የጎረቤቱን ጤና በእጁ ይዟልና ይጠንቀቅ።

ጥያቄ።
1. ልጅቱ ሰላጣውን በመጀመሪያ እንዴት አጠበችው? ስለ ምን?
2. አትክልት ከመቆረጡና ከመላጡ በፊት የሚታጠበው ስለ ምንድር ነው?
3. ሽማግሌው ከእንግዲህ ሳልጠይቅ እበላለሁ ያሉት ልጅቱ ምን ስላደረገች ነው?