ሞተሩ ታድሶ ኃይሉ ስለ ቀነሰ የእርሻ ትራክተር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ ቡራዩ፥ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ በፈረንሳይኛ ያለ ሐሳብ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን የታመመ ትራክተር እያስጎተተ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ያለ ሐሳብ ሆኖ አይመጣም። ሰኔ ከገባ በኋላ የቆመ ትራክተር የባለቤቱን እርሻ ብቻ አያስቀርም፤ በኪራይ ተራ ይዘው የሚጠብቁትን ገበሬዎች ሁሉ ከዝናቡ ኋላ ያስቀራቸዋል።

ይህን ትምህርት ለመምህራንና ለሽማግሌዎች መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ታድሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ትራክተር ኃይል ሲያጣ ባለቤቱ መካኒኩን «አበላሽተህብኛል» ይለዋል፤ መካኒኩም «አነዳድህ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩም ከሽማግሌ ፊት ይቀርባል። መምህሩም የመኪናውን መጽሐፍ እንዲያነብ ይጠራል። ነገሩን ሳያውቁ የፈረዱ እንደ ሆነ ወይ ባለቤቱ ላንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፥ ወይ መካኒኩ በሌለበት ጥፋት ይወቀሳል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በሳንሱሲ በአንድ ጋራዥ እንዲህ ያለውን ክርክር አይቻለሁ። ትራክተሩ ማሴይ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ነበር። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነው፤ ሞተሩም ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ማለት ነው። ባለቤቱ ሁለት በሬ ሸጦ ሞተሩን አሳደሰው፤ ፋሻው፥ ብሮንዚኑም ተለወጠ፤ ቴስታታውም ተሞርዶ ተመለሰ። ሞተሩ ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቁሞ ሲሠራም ድምፁ ያማረ ነው። ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ መሬት ሲያስነክሱት ግን ያቃስትና ይጠፋል።

ወጣቱ መካኒክ «እንደ ገና ይውረድ» አለ። ባለቤቱም ፊቱ ጠቈረ። በጋራዡ የነበሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ግን «ቆይ ልጄ፤ ሞተሩን ስታወርዱ እጃችሁ የነካውን ሁሉ በተራ ቍጠርልኝ» አሉት። የነገሩም ቍልፍ ይህ ጥያቄ ነው። እኛ በቤተ ክህነት ስንማር፥ እንደ ገና የተጠረዘ መጽሐፍ ንባቡ ቢሰናከል ደራሲውን አናማም፤ መጀመሪያ መርፌ የገባበትን ቦታ እንመረምራለን፤ ቅጠሉ ተዛውሮ ይገኛልና። ከመታደሱ በፊት ያልነበረ በሽታም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲታደስ እጅ በነካው ቦታ ነው።

ለመመርመር ግን የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዶልፍ ዲዝል የሚባለው ጀርመናዊ በ1897 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳየው ሞተር እሳት የሚለኵስ ካንዴላ የለም። ፒስቶኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ ያን ጊዜ ናፍጣው እንደ ጉም ሲረጭበት በገዛ ራሱ ይነዳል። እንግዲህ ለኃይሉ የሚያስፈልገው የሚበቃ አየር፥ የሚበቃ ናፍጣ፥ ናፍጣው የሚረጭበት ትክክለኛ ሰዓትና የማያስተነፍስ ጭመቃ ነው። ከነዚህ የጐደለውን ብዙ ጊዜ ጢሱ ይናገራል። ጢሱ የጠቈረ እንደ ሆነ ናፍጣው ካየሩ በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል እንደ ሆነ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ይወጣል፤ ሰማያዊ የሆነ እንደ ሆነ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ እየደከመ ጢስ የሌለው እንደ ሆነ ግን ናፍጣ ተርቧል።

የሳንሱሲው ትራክተር ጢስ አልነበረውም። ስለዚህ አረጋዊው ቴስታታውን ሳይነኩ ወደ ናፍጣው መንገድ ሄዱ። አስቀድመው የሰርባትዮውን ክዳን ከፍተው አስነዱት፤ በክዳኑ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ብትደፈን ናፍጣው እየታነቀ ይወርዳልና። ለውጥ አልመጣም። ቀጥለው ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቧንቧ ፈትተው በቆርቆሮ ተቀበሉት። ሳይቋረጥ መውረድ የሚገባው ናፍጣ እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ። ምክንያቱም ሲገኝ ሰርባትዮውን ያጠበው ልጅ በአሮጌ ጨርቅ ወልውሎት ነበርና፥ የጨርቁ ክር በመውጫው ወንፊት ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ። ሞተሩ ያለ ሸክም ሲሠራ ያች ቀጭን ናፍጣ ትበቃዋለች፤ ሲያርስ ግን አትበቃውም። ፊልትሮው ሲለወጥ ጎማው ተጣሞ የተቀመጠ እንደ ሆነም አየር ይገባና እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ፊልትሮ ከተነካ በኋላ አየሩን በደንብ ማስወጣት ግድ ነው።

ነገሩ በዚህም አላለቀም። ወንፊቱ ጸድቶ ኃይሉ ቢመለስም ሙሉ አልሆነም። አረጋዊው አንዱን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጠው የናፍጣ መስጫውን እስከ መጨረሻው እንዲስብ አዘዙት፤ እርሳቸውም ፖምፓው ዘንድ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። የፖምፓው እጅ ከማቆሚያው ሳይደርስ ቀረ፤ ዘንጉ ሲገጠም አጥሮ ነበር። ይህ ያለ ምንም ገንዘብ በሁለት ሰው ዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ስንቱ ሞተር ስለዚሁ ዳግመኛ ወርዷል!

ጢሱ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ፍለጋው በአየሩ መንገድ ይሆን ነበር። ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ አቧራ እንዳይገባ ብለው በአየር መግቢያው ጨርቅ ይወትፉና ሲገጥሙ የሚረሱ አሉ። የአየር ማጣሪያው ዘይት ከምልክቱ በላይ ቢሞላ ወይም ቢወፍር፥ ማርሚታውም በጥላሸት ቢደፈን ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል።

ጢሱ ነጭ ቢሆን የፖምፓው ሰዓት ይመረመራል። በፖምፓው አንገትና በሚታሰርበት አካል ላይ የተጫረ መስመር አለ፤ ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ናፍጣው ከሰዓቱ ዘግይቶ ቢረጭ ሞተሩ ይለግማል፤ ቀድሞ ቢረጭ እንደ መዶሻ ያንኳኳል። አንዱ ሲሊንደር ሥራ መፍታቱን ለማወቅ መካኒኮች የየኢንጀክተሩን ቧንቧ በተራ ጥቂት ያላሉታል፤ ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሥራ ፈት ነው። ነገር ግን ናፍጣው በዚያ ቦታ ቆዳ በስቶ የሚገባ ግፊት አለውና ማንም እጁን አያስጠጋ፤ ተማሪዎችም ፈቀቅ ይበሉ።

ቴስታታ ከተነሣ በኋላ የቫልቮቹ ክፍተት እንደ ገና ይለካል፤ ለዚህ ሞተር ቀዝቅዞ ሳለ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ የጠበበ እንደ ሆነ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ጭመቃውም ያመልጣል። ደግሞ ሽማግሌው «ከታደሰ ወዲህ ስንት ቀን ሠራ?» ብሎ ይጠይቅ። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ኃይሉ ሙሉ አይሆንም፤ በዚያም ወራት ያለ ሥራ ለረጅም ሰዓት አስነሥቶ ማቆም ይጐዳዋል፤ መጠነኛ ሸክም ይሻለዋል። ሞተሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ ጎማው የማይሄድ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ነው እንጂ ከሞተሩ አይደለም። ሞተሩን ዳግመኛ ማውረድ የሚገባው ይህ ሁሉ ተመርምሮ፥ በመተንፈሻውም ጢስ በኃይል እየወጣ፥ ጭመቃውም በመለኪያ ታይቶ ያነሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ትራክተሩን ይዞ ሄደ፤ በሳምንቱም ተመልሶ መጣ። «ያርሳል፤ ነገር ግን የሸጠልኝ ሰው በሑመራ ቆላ ሰሊጥ ሲያርስበት የነገረኝን ያህል አይጐትትም» አለ። አረጋዊው ሳቁ። ሑመራ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ የሆለታ ምድር ግን 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በገዛ ትንፋሹ የሚሠራ አሮጌ ሞተርም ከኃይሉ አምስተኛውን እጅ ያህል ያጣል። ይህን ናፍጣ በመጨመር እመልሳለሁ ብሎ የፖምፓውን ቡሎን የሚያዞር ሰው ጥቁር ጢስና የጋለ ሞተር ያተርፋል እንጂ ኃይል አያገኝም። ስለዚህ አረጋዊው «ጌታው፤ ቡሎኑን ተወው፤ ከማረሻህ አንዱን ዲስክ አውርድ» አሉት። እርሱም ለዳገቱ መሬት በሁለት ዲስክ እያረሰ ሐምሌ ሳይገባ የተራኞቹን እርሻ አደረሰ።