የቀሪ መዝገብ እንዴት ይነበባል?

ለማስተማር ልምምድ ከወጣነው መካከል ስም ያልጠራ የለም። ጠርተን፣ «አቤት» ላላለው «ቀ» ጽፈን፣ ወሩ ሲያልቅ ደምረን ለርእሰ መምህሩ እንሰጣለን። በቃ፣ መዝገቡ ተዘጋ።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ በነጻ ማቅረብ ሲጀምር 300 ሺህ ያህል ሕፃናትን አቅፏል። ደንብ ልብስና ደብተርም ታክሎበታል። ከዚያ በፊት «የእናት ወግ» የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር ለችግረኛ ተማሪዎች ምገባ ጀምሮ ነበር። ትልቅ እርምጃ ነው፤ በባዶ ሆድ ፊደል አይገባም።

ነገር ግን የሚያስቀረው ሆድ ብቻ አይደለም። የእኛኑ የካን እንውሰድ። በእንጦጦ ተራራ ሥር ላሉ ብዙ ድኻ ቤተሰቦች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ማውረድ ለረጅም ዘመን የሴቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ልጅ እናቷን ታግዛለች። በወር በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ዕለት እናት ደጀ ሰላም ጧፍ ልትሸጥ ከሄደች ሕፃኑን ማን ይይዛል? ታላቅየዋ ናታ!

ስለዚህ መዝገቡን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እናንብበው። ወደ ጎን የአንዱ ልጅ ወር ነው፤ ወደ ታች የአንዱ ቀን ክፍል ነው። በአንድ ቀን ብዙ «ቀ» ከተደረደረ ነገሩ የልጁ ስንፍና ሳይሆን የሠፈሩ ኑሮ ነው። ከፍ ያለች ልጅ በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ከሆነ ደግሞ እሷን ከመቆጣት በፊት የትምህርት ቤቱን መጸዳጃና ውኃ ሄዶ ማየት ነው።

አንድ ጥፋታችንን እንናገር። በተለማመድንበት ትምህርት ቤት አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ አርፍዳ መጣች። ከእኛ አንዱ «ነገ በጊዜሽ ነይ!» ብሎ ከበር መለሳትና «ቀ» ጻፈ። ለካ ጎሕ ሳይቀድ ጭራሮ አውርዳ ነው የመጣችው። ቁርሱም አመለጣት። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሦስተኛውም ቀን። ሁለቱን «ቀ» የእሷ እንበል፤ የመጀመሪያውን ግን የሠራነው እኛ ነን። ከዚያ በጓደኛዋ በኩል «ብታረፍጂም ነይ» ብለን ላክንባት። ሰኞ መጣች፤ አርፍዳ። «አ» የሚል አዲስ ምልክት ጻፍንላት፤ የምገባ እናቶችም ቁርሷን አስቀምጠውላት ነበር።

ለሚቀጥለው ልምምድ የምትወጡ ሰልጣኞች፣ የልጆቹን ስም ትታችሁ የአንድ ወር መዝገብ ገልብጣችሁ አምጡ። ከመምህራኑ ጋር ወደ ታች እናነበዋለን።