ፈጣን ራም ወይስ የታመነ ራም? የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታን የጊዜ ልኮች ስለ ማስተካከል

የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ አጠራሩ ራም፣ ለመግዛት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በማሸጊያው ላይ በጉልህ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ 3200፣ 3600 ወይም 6000። ከዚሁ ቁጥር አጠገብ በደቃቅ ጽሑፍ 16-18-18-38 የሚል ሌላ የቁጥሮች ሰንሰለት ይገኛል። ብዙ ገዢዎች የመጀመሪያውን አንብበው ሁለተኛውን ያልፉታል። ይሁን እንጂ የራሙን ትክክለኛ ፍጥነት የሚወስኑት ሁለቱ በአንድነት ናቸው።

በኮምፒውተር ጨዋታና በመሳሰሉት ሥራዎች የተጠመዱ ሰዎች እነዚህን የጊዜ ልኮች በገዛ እጃቸው እያስተካከሉ ራሙን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ያሠሩታል። ይህ ተግባር ኦቨርክሎኪንግ በመባል ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የጊዜ ልኮቹ ምን እንደሆኑ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚስተካከሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተስተካከለው ራም መረጋጋቱ ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ ሲውል ምን አደጋ እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

ራም እንደ መዝገብ ቤት

ዛሬ በየኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገኘው የራም ዓይነት መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበሩት ሮበርት ዴናርድ አንዲትን የመረጃ ቅንጣት፣ ማለትም አንድ ቢትን፣ በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ መያዝ የሚቻልበትን ዘዴ አፈለቁ፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫውም በ1968 ተሰጠ። ካፓሲተሩ የኤሌክትሪክ ሙል ከያዘ 1፣ ካልያዘ 0 ተብሎ ይነበባል። ችግሩ ካፓሲተሩ እንደሚያፈስ እንስራ መሆኑ ነው፤ የያዘው ሙል በጥቂት በጥቂቱ ያልቃል። ስለዚህ በመደበኛ ሙቀት እያንዳንዱ ካፓሲተር በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ እንደገና መሞላት ይኖርበታል።

ካፓሲተሮቹ የተደረደሩት በረድፍና በዓምድ ነው። አሠራራቸውን ለመረዳት የአንድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ባለጉዳይ ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በመጀመሪያ ተፈላጊውን ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ቀጥሎም ተፈላጊውን ገጽ ገልጦ ያነባል። ሌላ ፋይል ከተፈለገ ደግሞ የመጀመሪያውን ዘግቶ ወደ ቦታው ይመልሳል። በራም ውስጥ ባለጉዳዩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ፋይሉ ረድፍ፣ ገጹ ዓምድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የየራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ የጊዜ ልኮች የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው።

አራቱ ቁጥሮች

በምሳሌነት የጠቀስነውን 16-18-18-38 እንውሰድ። ቁጥሮቹ የሚቆጠሩት በሰከንድ ሳይሆን በሰዓት ምት፣ ማለትም ራሙ ሥራውን በሚመራበት ትርታ ነው።

የመጀመሪያው ሲኤል ይባላል። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ እያለ፣ ገጹ ከተጠየቀበት ቅጽበት አንሥቶ መረጃው መውጣት እስከሚጀምርበት ድረስ ያለው ቆይታ ነው። ሁለተኛው ቲአርሲዲ ሲሆን፣ ረድፉን ከፍቶ ለንባብ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ሦስተኛው ቲአርፒ የተከፈተውን ረድፍ ዘግቶ ለሌላው ለመዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ነው። አራተኛው ቲአርኤኤስ ደግሞ የተከፈተ ረድፍ ሳይዘጋ መቆየት ያለበትን ዝቅተኛ ጊዜ ይወስናል። ይህ የመጨረሻው የተለየ ትኩረት ይሻል። ረድፍ ሲነበብ የካፓሲተሮቹ ሙል ስለሚናጋ መልሶ መሞላት አለበት። ያለጊዜው የተዘጋ ረድፍ ቀለሙ ሳይደርቅ እንደተከደነ መዝገብ ይሆናል።

ከአራቱ በስተጀርባ ሌሎች በርካታ ልኮች አሉ። ዋነኛው ቲአርኤፍሲ ነው፤ ራሙ ካፓሲተሮቹን እንደገና ለመሙላት ሥራ የሚያቆምበት ጊዜ ማለት ነው። 8 ጊጋቢት በሚይዝ የዲዲአር 4 ቺፕ ይህ ጊዜ በመደበኛው መለኪያ 350 ናኖሰከንድ ሲሆን፣ በየ7.8 ማይክሮሰከንዱ ይደጋገማል። ይህም ከራሙ ጠቅላላ ጊዜ 4.5 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። በመዝገብ ቤቱ ምሳሌ፣ ሠራተኛው ባለጉዳዮችን አስቁሞ የደበዘዙ ጽሑፎችን የሚያደምቅበት ሰዓት ነው።

ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ፈጣን ነውን?

በዲዲአር ራም በአንድ ምት መረጃ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ 3200 የተባለው ራም ምቱ በሰከንድ 1600 ሚሊዮን ነው፤ የአንዱ ምት ርዝመትም 0.625 ናኖሰከንድ ይሆናል። ቆይታውን በናኖሰከንድ ለማግኘት ሲኤልን በ2000 አባዝቶ በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ፍጥነት ማካፈል በቂ ነው። 3200 በሲኤል 16 ሲሰላ 10 ናኖሰከንድ ይሆናል። 3600 በሲኤል 18 እንዲሁ 10 ናኖሰከንድ ነው። የዲዲአር 5 ራም የሆነው 6000 በሲኤል 30 ደግሞ እንደገና 10 ናኖሰከንድ ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው፣ ባለፉት ዓመታት በእጅጉ ያደገው በአንድ ሰከንድ የሚጓጓዘው የመረጃ መጠን እንጂ የመጀመሪያው መረጃ እስኪደርስ ያለው ጥበቃ አለመሆኑን ነው። ጥበቃውን ማሳጠር የሚቻለው የጊዜ ልኮችን በመቀነስ ነው። ለምሳሌ 3200 የሆነውን ራም ከሲኤል 16 ወደ ሲኤል 14 ብናወርደው ቆይታው ከ10 ወደ 8.75 ናኖሰከንድ ይቀንሳል። ነገር ግን ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ ራም ደርሶ የሚመለስ ጥያቄ በተለመዱት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች በአጠቃላይ ከ60 እስከ 90 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 1.25 ናኖሰከንድ መቆጠብ በአንዳንድ ጨዋታዎችና ስሌት በሚበዛባቸው ሥራዎች ይታይ ይሆናል፤ ደብዳቤ ለሚጽፍ ወይም ዜና ለሚያነብ ሰው ግን አይታወቅም። ትርፉ ልከኛ ከሆነ፣ የሚከፈልበት ዋጋም ልከኛ መሆን አለበት።

አንድ ቢት ሲገለበጥ

የጊዜ ልኩ ከሚገባው በላይ ሲያጥር ሁለት ዓይነት ስህተት ይከሰታል። አንደኛው ኮምፒውተሩን ያቆመዋል፤ ማያው ሰማያዊ ይሆናል ወይም መሣሪያው በድንገት ይጠፋል። ይህኛው ቢያበሳጭም ራሱን የሚያጋልጥ በመሆኑ የተሻለው ነው። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። አንድ 0 ወደ 1 ይገለበጣል፤ ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ የተበላሸው መረጃም እንደ ትክክለኛ ሆኖ ይመዘገባል።

የአንድ ቢት መገለበጥ የቱን ያህል ሊያዛባ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም፣ በብራስልስ ስካርቤክ ክፍለ ከተማ የተፈጸመው ድርጊት ያስረዳል። በኤሌክትሮኒክስ በተካሄደው ምርጫ አንዲት ተወዳዳሪ 4096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረላቸው። ስህተቱ የታወቀው ውጤቱ ሊገኝ ከሚችለው በላይ በመሆኑ ነበር። 4096 ማለት 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። በፕሮግራሙ ላይ ጉድለት ባለመገኘቱም ምክንያቱ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ አንድ ቢት በራሱ መገለበጡ ነው ተብሎ ተገመተ። ያ ኮምፒውተር ከፍጥነቱ በላይ ይሠራ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ቁም ነገሩ ቁጥሩ ያን ያህል ባይጋነን ኖሮ ስህተቱ ላይታወቅ ይችል እንደነበር ነው።

የምንገለብጠው ፎቶግራፍ፣ የምናስቀምጠው ሰነድ፣ የምንልከው የሒሳብ መዝገብ ሁሉ በራም በኩል ያልፋል። ራሙ የማይታመን ከሆነ የተበላሸው ፋይል ወደ መጠባበቂያ ቅጂውም ተሸጋግሮ ደህናውን ሊተካ ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀውም ከወራት በኋላ ፋይሉ ሲከፈት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማናቸውንም ቁጥር ከመንካትዎ በፊት አስፈላጊ ፋይሎችን በውጫዊ ዲስክ ይቅዱና ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉት። ፈተናው እስኪያልቅ መልሰው አይሰኩት።

ሁለተኛ፣ ራሙ አሁን በስንት እንደሚሠራ ይመልከቱ። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ በማኅደረ ትውስታው ክፍል ይገኛል። 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ቢያገኙት አይደነቁ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ካልታዘዙ በስተቀር የሚጀምሩት በመደበኛው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን ማስተካከያ ማብራት አምራቹ በራሙ ላይ የመዘገባቸውን ልኮች ሥራ ላይ ያውላል። ከ2133 በሲኤል 15 ወደ 3200 በሲኤል 16 መሸጋገር ቆይታውን ከ14 ወደ 10 ናኖሰከንድ ያወርዳል፤ የሚጓጓዘውን መረጃም በግማሽ ያህል ይጨምራል። ለአብዛኛው ተጠቃሚ ዋናው ትርፍ ይህ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ማቆም በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ መቀጠል ከፈለጉ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ፣ በአንድ ምት ብቻ ይቀንሱ። በሲኤል ይጀምሩ፤ ከዚያ ቲአርሲዲንና ቲአርፒን፣ በኋላም ቲአርኤኤስን፣ በመጨረሻ ቲአርኤፍሲን ይሞክሩ። የለወጡትን ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ። አምስት ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ስህተት ሲመጣ የቱ እንዳመጣው ማወቅ አይችልም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሥራውን ከመነሻው ይጀምረዋል።

አራተኛ፣ ለቮልቴጅ ይጠንቀቁ። የዲዲአር 4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2፣ የዲዲአር 5 ደግሞ 1.1 ነው። በብዙ የዲዲአር 4 ራሞች ላይ አምራቹ የሚፈቅደው ፈጣን ማስተካከያ 1.35 ቮልት ይጠይቃል። አምራቹ ከጻፈው በላይ መጨመር ሙቀትን ያበዛል፤ የዕቃውንም ዕድሜ ሊያሳጥር ይችላል። በአንዱ የራም ዓይነት የሠራውን ቁጥር ለሌላው መገልበጥም አይገባም፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ራሞች እንኳ አቅማቸው ይለያያል።

አምስተኛ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢል አይደናገጡ። የማዘርቦርዱ መመሪያ በሚያሳየው መንገድ የባዮሱን ማስተካከያ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል።

ፈተናው

ኮምፒውተሩ ተነሣ ማለት ራሙ ተረጋጋ ማለት አይደለም። ከፍላሽ ዲስክ የሚነሣውና በነጻ የሚገኘው ሜምቴስት 86 ፕላስ ራሙን በተለያዩ የቢት አቀማመጦች እየጻፈና እያነበበ ይመረምራል። ቢያንስ አራት ሙሉ ዙር ማስኬድ ይመከራል። ከዚያም ፕራይም 95 በመሰለ፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በአንድነት በሚያስጨንቅ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ መፈተን ያስፈልጋል። ተቀባይነት ያለው የስህተት ብዛት ዜሮ ነው። አንድ ስህተት ብቻ ከታየ ወደ ኋላ አንድ ምት ይመለሱ፤ ፈተናውንም ከመጀመሪያው ይድገሙ።

ሙቀትንም መዘንጋት አይገባም። ካፓሲተር ሲሞቅ ሙሉን ፈጥኖ ያጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ ማቀዝቀዣ በበራበት ክፍል ያለፈ ራም ማቀዝቀዣው በጠፋበት ቀትር ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ኮምፒውተሩ በእውነት በሚሠራበት ሙቀት ይሁን፤ ከተገኘው የመጨረሻ ወሰንም አንድ ምት ላላ አድርጎ ማቆየት ብልኅነት ነው።

ዲዲአር 5 በቺፑ ውስጥ የስህተት ማረሚያ ስላለው ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ማረሚያው ግን የሚያርመው በቺፑ ውስጥ የተፈጠረውን ስህተት ነው፤ ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲጓዝ የሚበላሸውን መረጃ አይጠብቅም። ሙሉ ጥበቃ የሚፈልጉ ድርጅቶች ኢሲሲ የተባለውን የተለየ ራም የሚጠቀሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ውሳኔው በኮምፒውተሩ አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ነው። ለጨዋታ ብቻ በተለየ መሣሪያ ላይ የጊዜ ልኮችን ማስተካከል ጠቃሚ ትምህርትም መልካም መዝናኛም ነው። የግብር ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ግን አምራቹ ከፈቀደው ልክ አለማለፍ፣ እርሱንም ቢሆን ፈትኖ ማረጋገጥ ይበጃል።