ክብሪቱን ተዉት

ጥያቄ፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጂም ውስጥ አንድ ሰው ድንገት ወደቀ። ከፊሉ ክብሪት አሸተተው፣ ከፊሉ ውሃ ረጨበት። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ ክብሪትም ውሃም የቆመ ልብ አያስነሳም። ትከሻውን ነቅነቅ አድርገው ይጥሩት። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ፣ ልቡ ቆሟል ብለው ያስቡ። አልፎ አልፎ ማጣጣሩ መተንፈስ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወደ ቀይ መስቀል 907 ይደውል። እርስዎ በጀርባው ያስተኙትና መዳፍ በመዳፍ ላይ ደርበው፣ ክንድዎን ሳያጥፉ፣ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የጎድን አጥንት ቢሰበርም አያቁሙ፤ አጥንት ይጠገናል። በየ2 ደቂቃው ይተካኩ። ታክሲ ውስጥ ጭኖ መሮጥ ደግነት ይመስላል፤ ግን በቦሌ ጭንቅንቅ፣ ኋላ ወንበር ላይ ደረት በወጉ መጫን አይቻልም።