ሳሪሽን ልበሺና ሂጂ!

ኢንድራ ኑዪ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሕንድ ተነሥታ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እጇ ላይ ገንዘብ አልነበራትም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት እንግዳ ተቀባይ ሆና እየሠራች 50 ዶላር አጠራቀመችና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሱፍ ልብስ ገዛች። ልብሱ በልኳ አልነበረም። ከቃለ መጠይቁ አፍራ ወጣችና እያለቀሰች ወደ ትምህርት ቤቷ የሥራ አማካሪ ሄደች። አማካሪዋ አገርሽ ብትሆኚ ምን ትለብሺ ነበር ስትል ጠየቀቻት። ሳሪ። እንግዲያው ለሚቀጥለው ሳሪሽን ልበሺና ሂጂ! ኢንድራ እንደተባለችው አደረገች፤ ሥራውንም አገኘች። በ2006 የፔፕሲኮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆና ኩባንያውን 12 ዓመት መራች።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። በሰው አገር ሥራ የጀመረ ሁሉ ራሴን ልለውጥ ወይስ እንደመጣሁ ልቀመጥ እያለ ይጨነቃል። አንዳንዱ ያደገበትን ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ ሰው ለመጀመር ይሞክራል። ሌላው በሩን ዘግቶ፣ ልቡ ከአገሩ ሳይወጣ ዓመታት ያሳልፋል። ሁለቱም ሰውን ያደክማሉ። እናንተ ግን መምረጥ ትችላላችሁ፤ መምረጥ ደግሞ ጉልበት ይሰጣል!

ከአሜሪካ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ሐሳብን በግልጽ መናገር ነው። ሕንድ ውስጥ አለቃ «ሰር» ነው፤ ታናሽ በታላቁ ፊት ያሰበውን ቶሎ አያወጣም። አሜሪካ ቢሮ ውስጥ አለቃ የሚጠራው በስሙ ነው። ትናንት የተቀጠረ ልጅ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «እኔ በዚህ አልስማማም» ቢል ማንም እንደ ብልግና አይቆጥርበትም። አገሩ ላይ ዝምታው ጨዋነት ተብሎ የተመሰገነለት መሐንዲስ እዚያ ሲደርስ ሐሳብ የሌለው መስሎ ይታለፋል። እኛም ነገሩ አይጠፋንም፤ «አንቱ» እያለ ያደገ ሐበሻ ሽበታሙን አለቃ በስሙ ብቻ መጥራት እስኪለምድ አንደበቱ ይተሳሰራል። በርቱ፣ ይለመዳል! ለመጀመር ያህል በእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ደግሞ ይህ ድፍረት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የኢንድራ እናት እራት ላይ ልጆቿን ጠቅላይ ሚኒስትር ብትሆኑ ምን ትሠራላችሁ እያለች ንግግር ታስደርጋቸው፣ ከዚያም ድምፅ ሰጥታ አሸናፊዋን ትለይ ነበር።

የሕንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ የኢንፎሲስ መሥራች ናራያና ሙርቲም በ1970ዎቹ ፓሪስ ሠርቷል። በኋላ ከምዕራባውያን ምን እንማር በሚለው ንግግሩ፣ ሕንዳዊ ቤቱን አጽድቶ ይይዛል፣ ቆሻሻውን ግን ደጅ ላይ ይጥላል ሲል ወቀሰ። ለቤተሰብ የምንከፍለውን መሥዋዕትነት ለሠፈራችንና ለከተማችንም እናውለው ማለቱ ነው። ይህን ያለው አገሩን ንቆ አይደለም። ከ6 ባልደረቦቹ ጋር፣ ባለቤቱ ሱዳ በሰጠችው 10,000 ሩፒ፣ በ1981 ኩባንያውን የመሠረተው እዚያው ሕንድ ነው። ኢንፎሲስ በ1999 ናስዳክ የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የገባ የመጀመሪያው የሕንድ ኩባንያ ሆነ።

ሕንድ ለአሜሪካ የምታስተምረውም አለ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ኢንድራ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሆነች በኋላ እናቷን ልትጠይቅ ሕንድ ሄደች። እናቷ በማለዳ ለባብሳ ሳሎን እንድትቀመጥ አዘዘቻት። ዘመድ ወዳጁ እየተግተለተለ መጣ። ለኢንድራ ሰላምታ እየሰጠ ያልፍና እናቷ ዘንድ ሄዶ፣ እንዴት ያለች ልጅ አሳደጉ እያለ ያሞግሳታል። ምስጋናው ሁሉ የእናት ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ስኬት የባለቤቱ ብቻ ነው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን እንኳን ደስ ያለዎ የሚባለው ወላጅ ነበር።

ኢንድራ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ቢሮዋ ስትመለስ ለኩባንያው ኃላፊዎች ወላጆች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች፤ በዓመት ከ400 በላይ! ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ትነግራቸዋለች፤ እንዲህ ያለ ልጅ ስላሳደጋችሁልን እናመሰግናለን ትላለች። እስቲ አስቡት፤ ልጁ ራሱ ልጆች ያደረሰ ትልቅ ሥራ አስኪያጅ ነው። ወላጆቹ የት እንደሚሠራ እንጂ ምን እንደሚሠራ በውል ላያውቁ ይችላሉ። አንድ ቀን የዋናዋ አለቃ ደብዳቤ፣ በስማቸው፣ ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ወላጆቹም በደስታ መልስ ይጽፉላት ነበር። ይህን ያስተማራት ዬል አይደለም፤ ያመጣችው ከእናቷ ሳሎን ነው።

ከቤት የመጣ ሁሉ ይያዝ እያልኩ ግን አይደለም። ቀደም ሲል የፔፕሲኮ ፕሬዚዳንት ትሆኛለሽ በተባለችበት ቀን ኢንድራ ቤቷ የደረሰችው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ዜናውን ሳትናገር እናቷ ወተት ግዢ ብላ ላከቻት። የኢንድራ ባለቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቤት ነበር፤ ለምን አልላክሽውም ስትላት ደክሞታል አለቻት። ሹመትሽን ጋራዥ ጥለሽ ግቢም ተባለች። ብዙ ሰው ይህን የትሕትና ትምህርት አድርጎ ያወራዋል፤ እውነትም ትሕትና አለበት። እርሷም ቀኑን ሙሉ ሠርታ እንደነበር ግን አልረሳም። የባልን ድካም ብቻ የሚቆጥር ልማድ ባሕር ተሻግሮ መሄድ የለበትም፤ አገር ቤትም ቢቀር ደስ ይለኛል!

ዋሽንግተንም ሁኑ ዱባይ፣ አዲስ አበባም ሁኑ፣ በዚህ ሳምንት ስብሰባችሁ ላይ ያቺን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ከዚያም አጠገባችሁ በትጋት የሚሠራ ባልደረባ ካለ የእናቱን ስልክ ቁጥር ተቀበሉትና ደውሉላቸው። ልጅዎ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደረዳ፣ በእርሱ የትኛው ሥራ እንደተቃና ዘርዝራችሁ ንገሯቸው።