ቤንዚን ሲወደድ የውኃ መሳቢያ ሞተርን በቁጠባ ስለ ማሠራት

ገበሬ ወንድሜ ሆይ! በአገራችን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ በመቀነሱ የቤንዚን ዋጋ ከፍ እያለ መጥቷል። ዋጋውን አንተ አትወስነውም፤ ሞተርህ የሚጠጣውን ቤንዚን መቀነስ ግን በእጅህ ነው። ይህን ባታደርግ የሽንኩርትህን ትርፍ ሞተሩ ይበላዋል። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በል።

1ኛ/ ሞተሩን ጠንካራ መሬት ላይ፣ ለውኃው አቅርበህ አስቀምጥ። ከውኃው ገጽ እስከ ሞተሩ ያለው ከፍታ ከ7 ሜትር አይብለጥ፤ ከፍታው ባነሰ ቁጥር ብዙ ውኃ ይስባል።

2ኛ/ ቱቦው አጭርና ያልተጣመመ ይሁን፤ ከሞተሩ አፍም አይጥበብ። የመሳቢያው ቱቦ አየር ካስገባ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ውኃ አያወጣም፤ ስለዚህ መጋጠሚያውን አጥብቅ።

3ኛ/ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን አጽዳ፤ ዘይቱንም በጊዜው ለውጥ።

4ኛ/ ከማጠጣትህ በፊት ከተክሉ አጠገብ አንድ ስንዝር ቆፍረህ አፈሩን ጨብጥ። እርጥብ ሆኖ ከተጣበቀ ለዚያ ቀን ሞተሩን አታስነሣ። ስታጠጣም በቀትር ሳይሆን በማለዳ ወይም በማታ ይሁን። መሬቱን በገለባ ብትሸፍነው እርጥበቱ ይቆይልሃል።

5ኛ/ ይወደዳል ብለህ ቤንዚን በመኖሪያ ቤትህ አታከማች፤ ቤትንና ሰውን ያቃጥላል። ሞተሩም ሳይበርድ ቤንዚን አትጨምርበት።

የልማት ሠራተኛ ሆይ! ገበሬው በየማጠጣቱ የፈጀውን ሊትር እንዲጽፍ እርዳው። የቀድሞውን ካሁኑ ጋር ሲያስተያይ ያተረፈውን ራሱ ያየዋል።